ፒዮኒ ቅጠል ብቻ ሲያወጣ፦ ችግሩና መፍትሔው

ከተተከለ ከሦስት ዓመት በላይ የሆነው ፒዮኒ የተባለው የአበባ ተክል በየዓመቱ ያማረ ቅጠል እያወጣ አንድም እምቡጥ የማይቋጥር ከሆነ፣ ማዳበሪያ ከመጨመር በፊት አፈሩን በጣት ገለጥ አድርጎ የሥሩን አናት መፈለግ ይገባል። ደጋግሜ ያገኘሁት ምክንያት ተክሉ ከሚገባው በላይ ጠልቆ መቀበሩ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ግንድና አበባ የሚወጣባቸው ቀያይ ቡቃያዎች ከአፈሩ ወለል ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ማለት አለባቸው።

በትክክለኛው ጥልቀት የተተከለውም ቢሆን ሊወርድ ይችላል። ጉድጓዱ በላላ ብስባሽ ተሞልቶ ሳይጠቀጠቅ ከቀረ፣ አፈሩ ውኃ ባገኘ ቁጥር ይሰምጣል፤ ተክሉም አብሮት ይሰምጣል። ከብርድ እንዲጠበቅ ተብሎ በየዓመቱ ፍግ ሲከመርበት የኖረ ፒዮኒ ስቆፍር ደግሞ ቡቃያዎቹን ከአንድ ጋት በሚበልጥ ጥልቀት ላይ አግኝቻለሁ። ለማበብ ቅዝቃዜ የግድ የሚያስፈልገውን ተክል ከቅዝቃዜ መሸፈን ከንቱ ድካም ነው፤ እባካችሁ ተዉት።

መፍትሔው ቅጠሉ መድረቅ ሲጀምር፣ መሬቱ በውርጭ ከመጠንከሩ ስድስት ሳምንት ያህል አስቀድሞ፣ ዙሪያውን በሰፊው ቆፍሮ ማውጣት፣ ሥሩን አጥቦ እያንዳንዱ ክፋይ ከሦስት እስከ አምስት ቡቃያ እንዲይዝ በስለታም ቢላ መክፈልና በደንብ በተጠቀጠቀ አፈር ላይ በትክክለኛው ጥልቀት መልሶ መትከል ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሳያብብ ቢቆይ እንደገና አትንቀሉት። አንድ ቡቃያ ብቻ ያላትን የደረቀች ቁራጭ ሥር የሚሸጡ ነጋዴዎች ይህን መጠበቅ በእጅጉ ያራዝሙታልና ከእነርሱ አትግዙ።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ የሚሠራው ግንዱ በየዓመቱ እስከ መሬት ለሚደርቀው ዓይነት ብቻ ነው። እንጨታማው ፒዮኒ በሌላ ተክል ሥር ላይ ተቀጥሎ ያደገ ከሆነ፣ የራሱን ሥር እንዲያወጣ የተቀጠለበት መጋጠሚያ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ መቀበር አለበት።

እምቡጡ የአተር ፍሬ ያህል ሆኖ ከጠቆረና ግራጫ ሻጋታ ከታየበት፣ የታመመውን ቆርጦ ማስወገድ፣ በወቅቱ መጨረሻም ግንዱን ሁሉ ከሥር አጭዶ ከአትክልቱ ቦታ ማራቅ ያስፈልጋል። እምቡጡ ላይ የምታዩአቸው ጉንዳኖች የሚመጡት ለጣፋጭ ፈሳሹ ስለሆነ መርዝ አትርጩባቸው። ለብዙ ዓመታት ሲያብብ የኖረ ፒዮኒ ሳይነካ ቀስ በቀስ አበባው ከቀነሰ ግን ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ አጠገቡ ያደገ ዛፍ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት የሚያስፈልገውን ፀሐይ ወስዶበት ይሆናል።