ከስዊንግ በኋላ ወገቤን ያዘኝ፦ የኬትልቤል ችግርና መፍትሄ

ኬትልቤል ከላይ እጀታ ያለው የብረት ክብደት ነው፤ ስዊንግ ደግሞ እሱን በእግሮች መካከል አሳልፎ በዳሌ ግፊት ወደ ፊት ማወዛወዝ። ማሟሟቅ፣ ጫማ፣ ውሃ የሚሉትን ታውቃላችሁ ብዬ እዘላቸዋለሁ። የምጽፈው በስታዲየምና በሜክሲኮ ዙሪያ ባሉ ጂሞች፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ደጋግሜ ስለማስተካክለው ነገር ነው። ሰው ሲያመው "ብረቱ ከብዶኝ ነው" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ክብደቱ አይደለም። ከሦስት ዓይነት አሠራር ቁራጭ ቁራጭ ተወስዶ አንድ ላይ ተደባልቋል።

ሃርድስታይል የሚንስኩ ተወላጅ አሰልጣኝ ፓቬል ጻጹሊን አሜሪካ ውስጥ ያስፋፋው ነው። እያንዳንዱ ስዊንግ በሙሉ ኃይል ነው። ሆድ ይጠብቃል፣ ትንፋሽ በአጭሩ ተገፍቶ ይወጣል፣ ዙሩ አጭር ነው፣ ከዚያ ዕረፍት። ጊሬቮይ የሩሲያ የውድድር ስፖርት ነው። ብረቱን መሬት ሳታስቀምጡ 10 ደቂቃ ትሠራላችሁ። እዚያ ትልቁ ችሎታ ሰውነትን ማላላት ነው፤ ጉልበት የሚቆጠበው በዚያ ነው። ሦስተኛው በክሮስፊት (የተለያዩ ስፖርቶችን ቀላቅሎ በፍጥነት የሚያሠራ ልምምድ) የተለመደው፣ ብረቱን ከራስ በላይ የሚያወጣው ስዊንግ ነው።

ወገብ

ምልክቱ፦ ስትሠሩ ምንም የለም። በማግስቱ ጠዋት ጫማ ለማሰር ጎንበስ ስትሉ ወገባችሁ አልታጠፍም ይላል። አንድ ነገር ልብ በሉ። መቀመጫችሁና የጭናችሁ ጀርባ ምንም አልደከሙም። ለእኔ ዋናው ምልክት ይሄ ነው። የእነሱን ሥራ ወገብ ሠርቶላቸዋል።

መንስኤው አንድ አይደለም። በብዛት የማየው ስዊንግን ስኳት (ቁጭ ብድግ) ማድረግ ነው። ጉልበት ይታጠፋል፣ ዳሌ ወደ ኋላ አይሄድም፣ ብረቱ ቅልጥም መካከል ድረስ ይወርዳል። መስቀል አደባባይ የምትሮጥ አንዲት ልጅ በዚህ ተሰቃይታለች። ሩጫው ነው ያመጣብኝ ብላ ሩጫውን ተወች። ወገቡ ግን አልተዋትም። በእግሮቿ መካከል፣ ከተረከዟ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ውሃ ያለበት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አቆምኩላት። በመጀመሪያው ስዊንግ ሃይላንዱ ተገለበጠ። በሁለተኛውም። ብረቱን ከጉልበቷ በላይ፣ ወደ ብሽሽቷ አስጠግታ ማሳለፍ ስትጀምር ሃይላንዱ ቆሞ ቀረ። ሩጫውንም መልሳ ጀመረች።

ሌላው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ የሚሠራ አንድ ልጅ በ24 ኪሎ ከራስ በላይ ስዊንግ ይሠራ ነበር። ትከሻው ከኮምፒውተር ፊት ተሸብሽቦ ስለቀረ እጁ ወደ ላይ አይጨርስለትም። የጎደለውን የሚሞላው ደረቱን ወደ ፊት፣ ወገቡን ወደ ኋላ እየሰበረ ነው። ቤተሰቡ ዲስክ ነው ብሎ ደንግጦ ነበር። 16 ኪሎ አስያዝኩት፣ ከደረት በላይ እንዳያወጣ ከለከልኩት። ለቀቀው።

ሦስተኛው በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም የሚመጣው ከጎበዞቹ ነው። የጊሬቮይ ውድድር ቪዲዮ ያያሉ። ተወዳዳሪው ብረቱን ሲያወርድ ሰውነቱን ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ክብደቱን የሚያመጣጥነው በዚያ ነው። ትክክል ነው፣ ሰውነቱ ላልቷል፣ ለዚያ የተሠራ ዘዴ ነው። እነሱ ግን ያንን ዘንበል ማለት ወስደው ሙሉ ኃይል በሚወጣበት የሃርድስታይል ስዊንግ ጫፍ ላይ ይጨምሩታል። ዳሌ በኃይል ተገፍቶ፣ ላይ ደግሞ ወገብ ወደ ኋላ ተቆልምሞ! ያ ሁሉ ግፊት የት ይሄዳል?

መፍትሄው፦ ብረቱን አስቀምጡ። ለግድግዳ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ አንድ ጫማ ያህል ራቁ። ሁለት እጁ ዕቃ የያዘ ሰው በር በመቀመጫው እንደሚዘጋ፣ መቀመጫችሁን ግድግዳው ላይ ግፉ። ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ እንጂ ወደ ፊት አይሂድ። ይሄ እስኪቀላችሁ ድረስ ስዊንግ አትጀምሩ። ከዚያ በቀላል ብረት፦ ሲወርድ አትቸኩሉ። ክንዳችሁ ሰውነታችሁን ሊነካ ሲል ነው የምትታጠፉት፣ ቀድማችሁ አይደለም። ላይ ስትደርሱ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ መቀመጫችሁ ይጠንክር፣ እዚያው ያብቃ። 10 ሠርታችሁ አሳርፉት።

ቀበቶ አስራችሁ አትቀጥሉ። "ላፍታታው" ብላችሁ በማግስቱ አትድገሙት። ማስታገሻ ውጣችሁ አትሥሩ። ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ ወይም እግር ከደነዘዘ እኔንም ሌላ አሰልጣኝም አትጠይቁ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ዛሬውኑ።

ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ትንፋሽ ማለቅ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከቆላ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ረጋ ይበል። እዚሁ ያደገው ሰው ትንፋሽ የሚያልቅበት ግን የሃርድስታይልን ትንፋሽ ይዞ የጊሬቮይን 10 ደቂቃ ስለሚሞክር ነው። ሆድ አጥብቆ እየተነፈሱ ያን ያህል መቆየት አይቻልም። ወይ ዙሩን አሳጥሩ፣ ወይ አተነፋፈሱን ቀይሩ። በስናች (ብረቱን በአንድ እጅ፣ በአንድ እንቅስቃሴ ከራስ በላይ ማውጣት) ብረቱን ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ስታቆሙ ሁለት ሦስቴ ተንፍሱ፤ ዕረፍታችሁ እዚያ ነው። በውድድር ስናች እጅ መቀየር የሚፈቀደው አንዴ ብቻ ስለሆነ እጀታውን መጭመቅም አያዋጣም።

ክንድ መበለዝ

ብረቱ ተገልብጦ ክንዳችሁን እየመታው ነው። እጃችሁን ላላ አድርጉና በእጀታው ውስጥ አሳልፉት፤ ብረቱ በእጃችሁ ዙሪያ ይዞራል እንጂ በላያችሁ አይወድቅም። የውድድር ብረት 16ም ሆነ 32 ኪሎ መጠኑ አንድ ነው፤ ክንድ ላይ የሚያርፍበት ቦታ አይቀያየርም። ተራው ብረት ግን ከክብደቱ ጋር ይተልቃል። ስለዚህ ብረት ስትቀይሩ ጥቂት ቀን ይበልዛል።

ትከሻ

ከራስ በላይ ስዊንግ አቁሙ። ወደ ላይ ማውጣት ከፈለጋችሁ በአንድ እጅ ስናች ተማሩ።

መዳፍ ውሃ መቋጠር

በመዳፍ መሃል ስለጨበጣችሁ ነው። በጣቶቻችሁ ሥር አንጠልጥሉት፣ የጠጠረውን ቆዳ በሞረድ አለስልሱ፣ ነጩን የማግኒዥየም ዱቄት ተጠቀሙ። ግን ግማሹ ጥፋት የብረቱ ነው። መርካቶ ተበይዶ የሚሸጠውን አይቻለሁ። እጀታው ፌሮ ነው፣ ያውም ጥርሱ ሳይሞረድ! የዘይት ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ላብ ሲነካው ያዳልጣል፣ ቀለሙ ሲላጥ ጥርሱ ቆዳ ይበላል። የውድድር ብረት እጀታ 33 ወይም 35 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ብረት ነው። ፌሮው ስስ ስለሆነ ክብደቱ ሁሉ በአንድ መስመር መዳፍ ላይ ያርፋል።

ስትገዙ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ "16" ተብሎ የተጻፈበት 16 ላይሆን ይችላል። እጀታውን በባዶ እጅ ከዳር እስከ ዳር ዳብሱት። ሲሚንቶ የሞላውን ፕላስቲክ አትግዙ፣ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ክንድ ይመታል። እጀታው ሥር ያለውን ብየዳ በደንብ እዩ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለው ለማሟሟቂያ እንኳ አታንሱት። ለሻጩ መልሱለት።