ራሳም መረር እንዳይልባችሁ

ራሳም፣ ያ ደቡብ ህንዶች ሩዝ ላይ የሚያፈሱት ቀጭን የሚያቃጥል ሾርባ፣ ቤት ስትሰሩት መረር ካለ ወይ ሽታው ከጠፋ ብዙ ጊዜ ቅመሙ ስለፈላ ነው። መጀመሪያ ታማሪንድ (ጎምዛዛ ፍሬ ነው) የተዘፈዘፈበትን ውሃ ከቲማቲምና ከእርድ ጋር 10 ደቂቃ ያህል አፍሉት፣ ጥሬ ጥሬ የሚለው እስኪለቀው፣ ከዛ የተቀቀለ ክክ ከነውሃው ጨምሩና ሸካራ አድርጋችሁ የወቀጣችሁትን ቁንዶ በርበሬ፣ ከሙንና ነጭ ሽንኩርት አስገቡ፣ አረፋው ከዳር ዳር መነሳት ሲጀምር ወዲያው አጥፉት! የቁንዶ በርበሬና የከሙን ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር ነው የሚሄደው፣ ብዙ ከፈላ ምሬቱ ብቻ ይቀራል። የሰናፍጭ ፍሬና የካሪ ቅጠል በተነጠረ ቅቤ አንጣጥታችሁ ከላይ ድፉና ክደኑት። በማግስቱ ስታሞቁትም እንዳታፈሉት። ጨጓራ ያለበት ሰው ግን በባዶ ሆዱ ባይሞክረው ይሻላል፣ ጎምዛዛም ነው የሚያቃጥልም ነው።