ነጭ ካባ፣ ጥቁር ልብ፦ ፋንታሲ ልብወለድ ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብርሃኑን ሁሉ ለደጎች፣ ጨለማውን ሁሉ ለክፉዎች ማደል የተለመደ ስህተት ነው። አንባቢ ገና ጥቁር ካባ ሲያይ «ይሄማ ከሃዲው ነው» ካለ፣ ቀሪውን ለምን ያነባል? በእንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን ልብወለድ «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» (እ.ኤ.አ. 1954–55) የሚከዳው አስማተኛ «ነጩ» የሚባለው ሳሩማን ነው። የጭፍሮቹ ዓርማም ነጭ እጅ ነው። ኋላ የሚነግሠውን አራጎርንን ግን መጀመሪያ የምናየው አንድ መጠጥ ቤት ጥግ ነው። ፊቱን በቆቡ ጋርዶ፣ ጭቃ የለበሰ ቦት ጫማውን ዘርግቶ ፒፓ ያጨሳል። ሆቢቶቹ፣ ማለትም የታሪኩ ዋና ተጓዦች የሆኑት ድንክዬዎቹ፣ ይጠረጥሩታል፤ እኛም እንደዚያው። ለጦርነት ይዞት የሚመጣው ሰንደቅ እንኳ መደቡ ጥቁር ነው።

ታዲያ ነጭ የለበሰውን ሁሉ ወንጀለኛ ማድረግም መፍትሔ አይደለም። አንባቢ ቶሎ ይነቃበታል። ደጉ አስማተኛ ጋንዳልፍ ከሞት ሲመለስ ነጭ ለብሶ ነው፤ ደግነቱ አልጎደለም።

ሎሌን በአንድ ጀንበር ጌታ ማድረግም አለ። ሳም ክፉውን የአስማት ቀለበት እሳት ውስጥ ጥሎ ሊያጠፋ የሚጓዘው የሆቢቱ የፍሮዶ አትክልተኛ ነው። መንገዱን ሁሉ መጥበሻውን ተሸክሞ ያበስላል። የክፉው ጌታ አገር ሞርዶር ውስጥ ሸክም ለማቅለል ያንን የሚሳሳለትን መጥበሻ ገደል ይጥለዋል። ከዚያ መራመድ ያቃተውን ፍሮዶን አዝሎ እሳቱ ያለበትን ተራራ ይወጣል። መንገዱን የሚመራው እሱ ሆነ። አክብሮቱ ግን ያው ነው። ቦታ ሲለዋወጡ ጠባይም ድንገት ከተለወጠ፣ የተፈጠረው ሌላ ሰው ነው።

ሴቷን ሰይፍ ማስያዝ ብቻውንም ሚና መገልበጥ አይባልም። ተዋጊዋ ኢዮዊን የናዝጉሎቹን፣ ማለትም የክፉውን ጌታ አስፈሪ አገልጋዮች፣ አለቃ የምትጥለው «ወንድ አያስቆመኝም» ብሎ በተመካበት በኩል ገብታ ነው። እዚያ ላይ ትንሹ ሆቢት ሜሪ ከኋላ ባይወጋላት አይሆንላትም ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጀግናን ከውርደት ማዳን ይመስለኛል። ፍሮዶ ያን ሁሉ ተሰቃይቶ እሳቱ አፋፍ ሲደርስ ቀለበቱን አልጥልም ይላል። የእኔ ነው ብሎ ያጠልቀዋል። ቀለበቱ የጠፋው ቀድሞ ይዞት የነበረውና አጥብቆ የሚመኘው ፍጡር ጎለም የፍሮዶን ጣት ነክሶ ነጥቆት፣ በደስታ ሲዘል ገደሉ ውስጥ ስለወደቀ ነው። ይህ ዝም ብሎ ዕድል ይመስል ነበር። ግን አስቀድሞ የፍሮዶ ዘመድ ቢልቦ ጎለምን ምሮታል፣ ፍሮዶም ምሮታል። ሳም ሳይቀር ተራራው ላይ ሰይፍ በእጁ እያለ አሳዝኖት ተወው። ባይምሩት ኖሮ እዚያ ባልደረሰ። የእናንተም ጀግና መጨረሻ ላይ የሚሸነፍ ከሆነ፣ ሥራውን የሚጨርስለትን ሰው ከብዙ ምዕራፍ በፊት አምጡትና አንባቢ እንዲጠላው ጊዜ ስጡት።