የሱቅን ደንበኛ ከቴሌግራም ገበያ ጋር ተወዳድሮ እንዴት ማቆየት ይቻላል?

በደሴ ፒያሳ ጫማ የሚሸጥ ነጋዴ ዛሬ ከጎረቤቱ ሱቅ ይልቅ የሚያሳስበው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ በቴሌግራም የሚሸጠው ነው። ደንበኛው ገብቶ ይለካል፣ ስልኩን አውጥቶ ዋጋ ያነጻጽራል፣ ከዚያም «ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» ብሎ ይወጣል።

በመጀመሪያ የተፎካካሪዎን ዋጋ እስከ መጨረሻው ያስሉ። በቻናል ላይ 2,500 ብር የተባለ ጫማ የመላኪያ 200 ብር ሲጨመርበት 2,700 ብር ይሆናል፤ የእርስዎ ዋጋ 2,750 ከሆነ ቅናሽ ከማድረግ ይልቅ ይህንኑ ስሌት ለደንበኛው ማሳየት ይበቃል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ግን በዚያ ዕቃ ባይከራከሩ ይሻላል።

ቀጥሎ የራስዎን ቻናል ይክፈቱ። ፎቶውን በቀን ብርሃን ያንሱ፤ ሶሉና ስፌቱ በቅርበት ይታዩ፣ የቀሩት ቁጥሮችና ዋጋው ከሥሩ ይጻፉ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ልማድ ገዢን ከማሰልቸት በቀር የሚያመጣው ጥቅም አይታየኝም፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። ያለቀውን ዕቃ ወዲያው ከቻናሉ ያጥፉ።

ክፍያ በቴሌብር ሲፈጸም ደንበኛው የሚያሳየውን የስልክ ምስል ሳይሆን በራስዎ ሂሳብ የገባውን ገንዘብ ተመልክተው ዕቃውን ያስረክቡ።

ከሁሉም በላይ ሊደክሙበት የሚገባው የመመለስና የመቀየር ጉዳይ ነው፤ ሩቅ ያለ ሻጭ በቀላሉ ሊወዳደርዎ የማይችለው በዚህ ነውና። ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እርስዎ ከዚህ አልፈው፣ ጉድለት ባይኖረውም እንኳ ያልተረገጠበትን ጫማ በሌላ ቁጥር እንደሚቀይሩ በሱቁ ግድግዳና በቻናሉ አናት ላይ ይጻፉ። ለልጁ 36 ቁጥር ገዝቶ የጠበበው የኮምቦልቻ አባት በሚኒባስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ 37 ይወስዳል፤ ያንኑ ጫማ ከአዲስ አበባ ቢያስመጣ ኖሮ የመላኪያውን ሂሳብ ሁለትና ሦስት ጊዜ በከፈለ ነበር። የመቀየሪያው ቀነ ገደብ ደረሰኙ ላይ በእጅ ይጻፍ፤ የተመለሰው ጫማ ሶሉ በደንበኛው ፊት ይታይ።