ከሰሜን ሸዋ ወጥተው ዘፈን የሚያስቀርጹ ድምፃውያን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቃል ብቻ ተስማምቶ ስቱዲዮ መግባት

ከመንዝም ሆነ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚቀረጽ ድምፃዊ ከገጣሚውና ከዜማ ደራሲው ጋር የሚስማማው ብዙ ጊዜ በቃል ነው። ዘፈኑ ካልተወደደ ማንም አያነሣውም። ሲወደድ ግን «ዜማው የኔ ነው» የሚል ይመጣል፣ ክሊፑም በአቤቱታ ከዩቲዩብ ይወርዳል። አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ንብረት አለ፤ ግጥምና ዜማው አንድ ነው፣ የተቀረጸው ድምፅ ሌላ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ከሥራው ገቢ የማግኘት መብት፣ የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። ከገጣሚው፣ ከዜማ ደራሲውና ከአቀናባሪው ጋር ለየብቻ አንዳንድ ገጽ ውል ይፈራረሙ። የዘፈኑ ርእስ፣ የተከፈለው ብር፣ ክፍያው በዚያው ያለቀ ይሁን ወይስ ድርሻ፣ ድርሻ ከሆነ ከመቶ ስንት፣ ዘመኑ፣ ዩቲዩብን፣ የጥሪ ማሳመሪያንና መድረክን ይጨምር እንደሆነ ይጻፍ።

ጣሪያ የሌለው «ወጪ ተቀናሽ»

አሳታሚው ክሊፑን በራሱ ቻናል ጭኖ «ወጪዬን ከመለስኩ በኋላ እኩል እንካፈላለን» ካለ፣ ወጪው ስንት ብር እንደሆነ በቁጥር ይስፈር። ካልሰፈረ ማስታወቂያውም፣ መኪናውም፣ ምሳውም ይደመራል፤ የመካፈያው ቀንም አይደርስም። ገቢውን በየስንት ወሩ እንደሚያሳይዎትም ያስጽፉ።

ኤምፒስሪ ብቻ ይዞ መውጣት

ቀሪውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ጥራቱ ያልተቀነሰውን ባለ 24 ቢት ዌቭ ፋይል፣ ድምፅዎ የሌለበትን ቅንብር፣ እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ በፍላሽ ይቀበሉ። ማሲንቆው ከኪቦርዱ ጋር ተዋሕዶ ከተሰጠዎት በኋላ ማሲንቆውን ብቻ ከፍ ማድረግ ቀላል አይሆንም። ባዶው ቅንብር ደግሞ ባንድ በሌለበት ሰርግ እንጀራዎ ነው።

የሕዝብ ዜማን በስም ማስያዝ

የትዝታም ሆነ የባቲ ቅኝት ባለቤት የለውም፤ በየሰርጉ የሚዜመው የሕዝብ ዜማም እንዲሁ። እንዲህ ያለውን ዘፈን በኮንተንት አይዲ፣ ዩቲዩብ ተመሳሳይ ድምፅ እየለየ ለባለመብቱ በሚይዝበት ሲስተም፣ ካስመዘገቡ ሲስተሙ ዜማውን የተጫወተውን ሌላ ሰው ሁሉ ሊይዝ ይችላል። ክርክሩ ሲበዛ የማስመዝገብ መብትዎን ሊያጡ ይችላሉ። ይህ ለጎረቤት አዝማሪም በደል ነው።

ስምን በየቦታው እያቀያየሩ መጻፍ

በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ ዓይነት፣ አንዴ በሌላ ከጻፉት ዘፈንዎ የሁለት ሰው መስሎ ይመዘገባል፣ ገቢውም ይበተናል። ባለ 12 ፊደልና ቁጥር የሆነውን የቅጂ መለያ ኮድ፣ አይኤስአርሲን፣ መዝግበው ያስቀምጡ፤ ዘፈኑን በኢንተርኔት የሚያሠራጭልዎትን አከፋፋይ ቢቀይሩም ለዚያው ቅጂ ያው ኮድ ይሠራል።

ጾም ሊገባ ሲል መልቀቅ

ከዩቲዩብ ይልቅ የሚያበላው መድረክ ነው፤ መድረክም በጾም ይቀዘቅዛል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ለጥር ሰርግ የታሰበ ዘፈን ለገና ቢወጣ ከጥምቀት በኋላ ላለው ሰርግ ጆሮ ገብቶ ይደርሳል። ሰርጉን ሲቀበሉም ቢያንስ ግማሹን ቀብድ ይያዙ፤ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ሞላሌ የሚወስደው መኪና በማን እንደሚከፈልም በዚያው ይነጋገሩ።