አኖዳይዝ የተደረገ ፕሮፋይል ለምን ይዥጎረጎራል? ከገንዳው በፊት የሚደረግ ምርመራ

ከ6063 የአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ የመስኮት ፕሮፋይል አኖዳይዝ ሲደረግ (በአሲድ ገንዳ ውስጥ በኤሌክትሪክ የኦክሳይድ ሽፋን ሲለብስ) ግራጫ ነጠብጣብ ካወጣ፣ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው አሲዱ ነው። አሲዱን ከመድፋታችሁ በፊት በነጠብጣቦቹ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ርቀቱ እኩል ሆኖ ፕሮፋይሉ ከዳይ (ትኩሱ አሉሚኒየም ተገፍቶ ቅርጽ ከሚይዝበት ቀዳዳ) ሲወጣ ካረፈባቸው የግራፋይት መደገፊያዎች ርቀት ጋር ከገጠመ፣ ጥፋቱ ከማቀዝቀዙ ነው።

ፕሮፋይሉ ከዳይ ሲወጣ ከ510 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሆን አለበት፤ ያኔ ማግኒዥየሙና ሲሊከኑ አሉሚኒየሙ ውስጥ ሟሙተዋል። በጠንካራ ንፋስ ወይም በውኃ ቶሎ ከ250 በታች ከወረደ እንደሟሙ ይቀራሉ። ከዚያ በኦቨን በ175 ዲግሪ ለ8 ሰዓት ሲቆይ እጅግ የደቀቁ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ እነዚህ ፕሮፋይሉን ያጠነክራሉ እንጂ ሽፋኑን አያበላሹም። ፕሮፋይሉ መደገፊያው ላይ ቆም ሲል ግን የነካው ቦታ ብቻ ይቀዘቅዝና ከጎኑ ባለው ሙቀት ተመልሶ ይሞቃል። እዚያ የማግኒዥየምና የሲሊከን ቅንጣት ይወፍራል፤ ከአኖዳይዚንግ በፊት ፕሮፋይሉ የሚነከርበት ኮስቲክ ሶዳ ዙሪያውን ይቦረቡረዋል፣ ሽፋኑም ደብዛዛ ይሆናል። ሽፋኑን ገፎ መድገም ዋጋ የለውም፤ ነጠብጣቡ ይመለሳል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጭነት ናሙና ቁረጡ። በዌብስተር መለኪያ ጥንካሬውን በየቦታው ፈትሹ፤ የተበላሸው ቦታ ለስለስ ይላል። ቀጥሎ በሊትር 50 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ባለው፣ 55 ዲግሪ በሞቀ ውኃ 5 ደቂቃ ንከሩት፣ እጠቡት፣ ኮስቲክ ሶዳው ላዩ ላይ የሚተወውን ጥቁር ጥቀርሻ በናይትሪክ አሲድ አንሱ። መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው። ነጠብጣቡ እዚህ ከታየ ጭነቱን አኖዳይዝ አታድርጉት።

ናሙናው ንጹሕ ከሆነ ጭነቱን እንዲህ አኖዳይዝ አድርጉ፦ ሰልፈሪክ አሲድ በሊትር 180 ግራም፣ 20 ዲግሪ፣ በዴሲሜትር ካሬ 1.5 አምፔር፤ በ30 ደቂቃ 14 ማይክሮን ገደማ ይገኛል። ነጠብጣብ ሳይሆን እንደ አዲስ ቆርቆሮ አበባ ከታየ፣ ኮስቲክ ሶዳው ውስጥ የተከማቸውን ዚንክ አስመርምሩ።

ብየዳ ካለ 4043 ሽቦ አትጠቀሙ፤ 5 በመቶ ያህል ሲሊከን ስላለው መስመሩ ይጠቁራል። 5356 የተሻለ ይመሳሰላል። ሲሊከን የበዛበት ቀልጦ የተቀዳ ዕቃም በዚሁ ምክንያት ግራጫ ይሆናል። 2024 በሚባለው ቅይጥ ላይ ደግሞ መዳብ ያለባቸው ቅንጣቶች አሲዱ ውስጥ ስለሚሟሙ ሽፋኑ ቀዳዳ ይበዛበታል፣ ይሳሳል።

የሙቀት ሥራ ሁሉ ከአኖዳይዚንግ በፊት ይጠናቀቅ። ሽፋኑ ሲሞቅ የሚለጠጠው የአሉሚኒየሙን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ኦቨን ከገባ ይሰነጣጠቃል።