«ያዘ» ለማለት ስንፈልግ የምንሳሳታቸው የእንግሊዝኛ ቃላት

ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ አሜሪካ ውስጥ አረጋውያንን እየተንከባከቡ የሚኖሩ ያገሬ ልጆች ናቸው። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ አንድ ስህተት አለ፤ ከሱ ልጀምር።

ግራብ። አንዲት ተማሪዬ የምትንከባከባቸው እናት ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ ተንገዳገዱ። ቶሎ ብላ ክንዳቸውን ደግፋ ያዘቻቸውና ሳይወድቁ ቀሩ። ጎሽ የሚያሰኝ ሥራ ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን «አይ ግራብድ ሀር አርም» ብላ ጻፈች። በማግስቱ አለቃዋ ጠርታ በጥያቄ አጣደፈቻት። ምን አድርገውሽ ነው? ተጣልታችሁ ነበር? ክንዳቸው በልዟል? ልጅቷ ክፍል ስትደርስ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ግራብ ድንገት፣ በጉልበት፣ አንዳንዴም ሳያስፈቅዱ አፈፍ ማድረግ ነው። ሌባ ቦርሳ ግራብ ያደርጋል። የቸኮለ ሰው ሳንዱች ግራብ አድርጎ ይወጣል። የሰው ገላ ላይ ሲመጣ ግን ጥቃት ይመስላል፤ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ቃል በዝምታ አይታለፍም። ሄልድ በሚለው፣ ማለትም በሆልድ (ያዘ) ኃላፊ ጊዜ፣ «አይ ሄልድ ሀር አርም» ብትል ይበቃት ነበር። ከሱም የሚሻል «አይ ስቴዲድ ሀር» አለ፤ እንዳይወድቁ ደገፍኳቸው ማለት ነው። እባካችሁ ይህን ቃል አትርሱት።

ቃሉን ከየት አመጣሽው ስላት ስልኳን አሳየችኝ። ሆልድ ሲደጋገምባት ተመሳሳይ ቃላት ፈልጋ ከዝርዝሩ አንዱን አንስታለች። ዝርዝሩ ቃላቱን እንደ እኩያ ይደረድራቸዋል። አያያዙ የፍቅር ይሁን፣ የፍርሃት ይሁን፣ የጉልበት ይሁን አይነግራችሁም። ሪፖርት ላይ ሆልድ አሥር ጊዜ ቢደጋገም ማንም አይከፋውም። ይደጋገም!

ያዘና ይዟል። «ገመዱን ያዘ» ስንል ገመዱ ገና እጁ መግባቱ ነው። «ገመዱን ይዟል» ስንል አሁንም አልለቀቀውም። እኛ ግሱን አርብተን የምንለየውን እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ቃሉን ቀይሮ ይለየዋል። ለመጀመሪያው ካች ወይም ግራብ፣ ለሁለተኛው ሆልድ። ፖሊስ ሌባውን ያዘው ለማለት «ሄልድ» ካላችሁ፣ አንባቢ የሚገባው አስሮ አቆየው የሚል ነው። ጉንፋን ላይማ ነገሩ ይገለበጣል። በኛ ጉንፋን ሰውን ይይዛል፤ በነሱ ሰውየው ነው ጉንፋኑን ካች የሚያደርገው።

ክሊንግ። ይህን እኔም ተሳስቼበታለሁ። የመጀመሪያ የሥራ ማመልከቻዬ ላይ «አይ ክሊንግ ቱ ማይ ወርክ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሥራዬን አጥብቄ የምይዝ ሰው ነኝ ማለቴ ነው። ያነበበልኝ ታላቅ ወዳጄ፣ «ይህ እኮ ሥራዬን እንዳትነጥቁኝ ብለህ የምትለምን ያስመስልሃል» አለኝ። ትክክል ነበር። ክሊንግ የኛ ሙጥኝ ማለት ነው። ልጅ የእናቱን ቀሚስ ክሊንግ ያደርጋል። የራሰ ሸሚዝ ገላ ላይ ክሊንግ ይላል። ሥልጣን ላይ ሙጥኝ ያለ መሪም ዜና ላይ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ሰውን ክሊንጊ ማለት ደግሞ አልላቀቅ ባይ ብሎ መውቀስ ነው። ማመልከቻ ላይ «አይ አም ኮሚትድ» በሉ።

ክላች። በፍርሃት ወይም በጭንቀት ጨምድዶ መያዝ ነው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ውጤት የምትጠብቅ ሴት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ክላች ታደርጋለች። ሹፌር የሆናችሁ በቀላሉ ታስታውሱታላችሁ፤ እኛ ፍሪሲዮን የምንለው በነሱ ክላች ነው። እግራችሁን ስታነሱ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር አጥብቆ ያያይዛል፣ ስትረግጡት ይለቃል።

እዚህ ላይ «አት» የምትባለዋን ትንሽ ቃል ተጠንቀቁ። «ሺ ግራብድ ዘ ሬይል» ካላችሁ ሴትዮዋ መደገፊያውን ይዘዋል። «ሺ ግራብድ አት ዘ ሬይል» ካላችሁ ግን እጃቸውን ሰደዱ እንጂ መያዛቸው አልታወቀም፤ ምናልባት ስተውታል። የመውደቅ አደጋ ሪፖርት ላይ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ክላች አትም እንደዚሁ። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል እንላለን፤ የነሱ ሰጣሚ ደግሞ ክላች አት የሚያደርገው የገለባ አገዳ ነው።

ግራስፕን አትፍሩት። ጨበጠ ነው፤ እኛ ነጥቡን ጨበጥኩት እንደምንል እነሱም ለመረዳት ይጠቀሙበታል።

ግሪፕ የአያያዙ ጥንካሬ ነው። ሐኪም «ጣቴን ጨብጪው» ሲል የሚለካው እሱን ነው። የማያንሸራትት ጫማም ጥሩ ግሪፕ አለው ይባላል።

ሆልድ ፋስት ቶሎ ያዝ ማለት አይደለም! ፋስት እዚህ ጋ ጥብቅ ማለት ነው። አውሮፕላን ላይ ቀበቶ እሰሩ ሲባል የምትሰሙት ፋሰንም ከዚሁ የወጣ ነው።

ክሊቭን ለጊዜው ተዉት። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሰው በሚስቱ ይጣበቃል በሚለው ቦታ ላይ ይጠቀምበታል። ግን እዚያው በዚያው መሰንጠቅ ማለትም ነው፤ የሥጋ ቤት ትልቁ ቢላዋ ክሊቨር የተባለው ከዚህኛው ነው።

የክሊንግ ኃላፊ ጊዜ ደግሞ ክላንግ ነው፤ ክሊንግድ አይባልም።